ባለ 6 ሜትር ገመዱ ቦያ ማይክ፦ አንድ ዓመት ከሠራሁበት በኋላ

እምዬ ማይኩን መጀመሪያ ያየችው ዕለት በሁለት ጣቷ ይዛ ገለባብጣ አየችውና «እና ይቺ ናት ከእኔ አፍ ወሬ የምትቀማው?» አለችኝ። ከነስፖንጁ አንድ የባቄላ ፍሬ ቢያክል ነው። እምዬ አያቴ ናት፤ እኛ ቤት ግን አያቴ ብሎ የሚጠራት የለም፣ ልጅም የልጅ ልጅም እምዬ ነው የሚላት። ያን ቀን ነጠላዋ ጥለት ላይ የሰካሁላት ቦያ ቢዋይ-ኤም1 የሚባለውን ባለ ገመድ ማይክ ነው። ከገዛሁት ዓመት አለፈው። 11 አጫጭር ፊልሞች ሠርቼበታለሁ፤ ሊገዛ ለሚያስብ ሰው ያየሁትን ልንገር።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ማታ ማታ ፊልም እሠራለሁ። ፊልም ስል በስልክ የሚቀረጽ፣ ሦስት አራት ደቂቃ የሚሄድ፣ ተዋናዩ ጎረቤት የሆነ ፊልም ነው። ቴሌግራም ላይ አርባ የምንሆን ሰዎች ግሩፕ አለን፤ ከማርቆስ፣ ከዳንግላ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከባሕር ዳር፣ ጥቂቶች ከአዲስ አበባ፣ ሁለት ደግሞ ከውጭ አገር። በየወሩ አንድ ቃል ይወጣል፤ «በር»፣ «ውኃ»፣ «ዕዳ»፣ «እንግዳ»። ወሩ በገባ በ30ኛው ቀን ሁሉም የሠራውን ይለጥፋል። ከአምስት ደቂቃ ማለፍ አይፈቀድም። ጳጉሜን ሲመጣ ቃል የለም፤ እያንዳንዱ ሰው ምንም ሳይቆራርጥ የአንድ ደቂቃ ፊልም ይሠራል። ሽልማት የለም፣ መዋጮ የለም። ግዴታው አንድ ነው፦ የሰው ፊልም ያየ ሰው ስለ ፊልሙ ሁለት መስመር መጻፍ አለበት።

ማይኩን የገዛሁት በእነዚያ ሁለት መስመሮች ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ፊልሜ «በር» ነበር። እናቴ የድሮ ቤታችንን የእንጨት በር ታሪክ ትናገራለች፤ አባቴ እንዴት እንደጠረበው፣ ማን እንደገባበት፣ ማን ወጥቶ እንዳልተመለሰ። ስልኬን ወንበር ላይ አቁሜ ሁለት ሜትር ያህል ርቄ ቀረጽኩ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በማግሥቱ የዳንግላው መምህር፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ እንዲህ ሲሉ ጻፉልኝ፦ «ልጄ፣ ሥዕሉ ሸጋ ነው። በሩም ሸጋ ነው። እናትሽ ያሉትን ግን ሦስት ጊዜ መልሼ ባዳምጥ አልያዝኩትም።» ሌሎቹም ያንኑ ደገሙት። እናቴ ለሰው ተናግራው የማታውቀውን ነገር ነበር የተናገረችው፤ ዝናቡ በላው። ድገሚልኝ ብላት ያንኑ ቃል መልሳ አላገኘችውም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ነገሩ ስልኬ መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ርቀት ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ባለ ማይክና 2 ሜትር ላይ ባለ ስልክ መካከል ያለው ልዩነት 20 ዴሲቤል ይደርሳል ማለት ነው። ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ ግን ለሁለቱም እኩል ይሰማል። ስለዚህ ስልኩ እናቴን አሳንሶ ዝናቡን እንዳለ ያዘው። የስልክ ዋጋ ብንጨምር ይህን አያስተካክለውም፤ ማይኩን ወደ አፍ ማስጠጋት ብቻ ነው መላው።

በተለይ በአማርኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሞጣ ያለው የግሩፓችን ልጅ ልጅነቱን በቆሎ ተማሪነት ቅኔ ሲማር ያሳለፈ ነው፤ እሱ ነው ዓይኔን የከፈተልኝ። «ዕዳ» የሚለው ቃል በወጣ ወር ሁለት ሰዎች በንግግር ሲጣሉ የሚያሳይ ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ጠቡ የሚነሣው አንዱ ላልቶ የተናገረውን ቃል ሌላው አጥብቆ ስለሚሰማው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። «ገና» ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ልጁ ፊልሙን በስልኩ ማይክ ከሩቅ ቀርጾት ስለነበር ግማሾቻችን ጠቡ ከምን እንደመጣ አልገባንም። ከሥር በጽሑፍ ይውጣ ያለ ነበር። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ብትጽፈው ሁለቱም ያው «አለ» ነው። ሰምና ወርቅ የሚለየው ጆሮ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅን እንደ ተጨማሪ ነገር ማየት ተውኩ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የመጀመሪያውን የገዛሁት ፎርጅድ ነበር። የሱቁን ስም አልጠራም። ካርቶኑ ያው፣ ስሙ ያው፤ ቤት ገብቼ ገመዱን በስፌት ሜትር ስለካው ግን አራት ሜትር እንኳ አልሞላም። ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ብመልስለት ባለሱቁ «አንዴ ከተከፈተ አንቀበልም» አለኝ። ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች ገመዱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ዘርግታችሁ ለኩ፤ የእውነተኛው 6 ሜትር ነው። ውስጡ ማይኩ፣ ቆንጣጩ፣ ስፖንጁ፣ ኤልአር44 የምትባለው ክብ የሰዓት ባትሪ፣ ለትልቅ ቀዳዳ የሚሆን አዳፕተርና ትንሽ ከረጢት መኖር አለባቸው። ሁለተኛውን ባሕር ዳር ለሥራ በሄድኩበት 1,500 ብር ገዛሁት፤ አሁን ዋጋው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ገመዱ ላይ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ባትሪውም ማብሪያ ማጥፊያውም እዚያ ነው። ለስልክ ሲሆን ማብሪያውን ወደ ስልክ ምልክት ታደርጉታላችሁ፤ ማይኩ ኃይል ከስልኩ ስለሚያገኝ ባትሪ አያስፈልገውም። ለካሜራ ሲሆን ወደ ሌላው ትመልሱታላችሁ፣ ያኔ ባትሪው ይሠራል። በካሜራው በኩል ረስታችሁ ከተዋችሁት ባትሪውን በከንቱ ይበላዋል። እኔ በስልክ ብቻ ስለምሠራ ባትሪውን አውጥቼ አስቀምጬዋለሁ። ጫፉ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች ብዙዎቹ ይህ ቀዳዳ የላቸውም፤ አዳፕተር መግዛት ይኖርባችኋል፤ አዳፕተር ሁሉ ደግሞ ማይክ አያስገባም፤ ለማዳመጥ ብቻ የሚሠራ አለ። ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት።

ሙከራው ቀላል ነው። ቀረጻ ጀምሩ፣ የማይኩን ራስ በጥፍር ጫር ጫር አድርጉ፣ ቀጥሎ የስልኩን ታች ጫር ጫር አድርጉ። መልሳችሁ ስታዳምጡ የትኛው ጎልቶ እንደተሰማ ይነግራችኋል። ይህን የተማርኩት አንድ ሙሉ ፊልም ካበላሸሁ በኋላ ነው። የስልኬ ከቨር ወፍራም ስለሆነ ጃኩ እስከ መጨረሻው አልገባም ነበር፤ ጎረቤቴ ማይኩን ደረታቸው ላይ አድርገው አንድ ሰዓት ሙሉ ደከሙ፤ የተቀረጸው ግን በስልኩ ማይክ ነው። ሌላ ቀን ለምኜ ደግመውልኛል። አሁን ከቨሩን ሳላወልቅ አልቀርጽም። ኦፕን ካሜራ የሚባለው ነጻ አፕ የድምፅ ምንጭ መምረጫ አለው፤ ከውጭ የተሰካውን ማይክ መርጣችሁ ብትቀርጹ ይሻላል።

አሁን ይህን ማይክ ወደድኩ የምልበትን ቀን ላውራ። የወሩ ቃል «ውኃ» ነበር። እምዬ በቢቸና በኩል ያደገች ናት፤ ልጅ ሆና ውኃ ትቀዳ የነበረው ሊነጋጋ ሲል፣ ጨለማው ሳይገፈፍ ነው። እንስራው መሙላቱን በምን ታውቂ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። «በጆሮዬ ነዋ» አለች። «ባዶው እንስራ ወፍራም ድምፅ ነው ያለው። ሲሞላ ሲሞላ እየቀጠነ ይመጣል። አንገቱ ጋ ሲደርስ ይጮኻል፤ ያኔ ታነሽዋለሽ።» አሳይኝ አልኳት። ጓዳ የተቀመጠውን አሮጌ እንስራ አወጣን፤ በቅል ውኃ እየቀዳች ታንቆረቁር ጀመር።

ከዚያ በፊት ግን ነጠላዋ ጋር ታግለን ነበር። ማይኩ ጨርቅ ሲነካው ድር እንደሚቀደድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። አንገቷ ላይ ያለው የማተቧ መስቀል ደግሞ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ቆንጣጩን ያንኳኳል። መስቀሉን አውልቂ አልላትም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፋሁና ማይኩን ከጥለቱ ጠርዝ ወደ ውጭ እንዲያይ አድርጌ ሰካሁት፤ ከሥሩ ገመዱን አንዴ ጠምዝዤ በቁስል ፕላስተር ቀሚሷ ላይ ለጠፍኩት። ያቺ ጥምዝ ዋና ነገር ናት፤ ገመዱ ቢጎተት የሚጎተተው ፕላስተሩ እንጂ ማይኩ አይደለም። መስቀሉ ወደ ግራ ዞረ፣ ድምፁም ጠፋ።

ይህ ማይክ የሚሰማው ከሁሉም አቅጣጫ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ጉዳት አለው፤ የዶሮውን ጩኸትም የእኔን ጥያቄም እኩል ያስገባል። ያን ቀን ግን ጠቀመኝ። እምዬ ጎንበስ ብላ ስታንቆረቁር ማይኩ ከአፏም ከእንስራው አፍም ቅርብ ነበር። ውኃው መጀመሪያ ዱብ ዱብ እያለ በወፍራሙ፣ ከዚያ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ ከሱ ጋር ደግሞ የእሷ ትንፋሽ፣ በመጨረሻ «ይኸው» ስትል። ኤዲት ሳደርግ ሥዕሉን አጠፋሁት። 25 ሰከንድ ጥቁር ስክሪን፣ ድምፁ ብቻ። ውኃ ቀጂዋ በጨለማ የሰማችውን ተመልካቹም በጨለማ ይስማው ብዬ።

የግሩፑ ሰዎች ስለ ጥቁሩ ስክሪን ተከራከሩ። አዲስ አበባ ያለች ልጅ «ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለች፤ እውነቷን ነው፣ መጀመሪያው ላይ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። የዳንግላው መምህር ግን እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «እናቴ በጨለማ ነበር የምትቀዳው። በምን ታውቀው እንደነበር ዛሬ ሰማሁ።» ሁለት መስመር ነው፤ ደንቡ የሚጠይቀውን ያህል። ሱቄን ዘግቼ ደጋግሜ አነበብኩት።

ስለ ገመድ አልባዎቹ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ወር ከጓደኛ ተውሼ ሠርቼበታለሁ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ሰው እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፣ ስልኩን ራቅ አድርጎ ሰፊ ሥዕል ለመያዝ ይመቻል። ግን አንድ ነገር ሆነ። እምዬ ደረቷ ላይ እንዳለ ረስታው ጎረቤት ስትመጣ ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ እዚያ ሁለቱ ስለ አንድ የቤተሰብ ጉዳይ፣ ለእኔም ተነግሮኝ ስለማያውቅ ጉዳይ፣ አወሩ። እኔ ማታ ኤዲት ለማድረግ ስከፍት ሰማሁት። ወዲያው ደለትኩት፤ ለእምዬም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ማይክ ይዤ ስመጣ «የገመዷን አምጪ» አለችኝ። «ገመዷ ስትኖር እየተሰማሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ገመዷ ስትፈታ ወሬዬ አለቀ።»

ይህን ዕቃ ገምጋሚዎች ሲያወሩለት ገመዱን እንደ ጉድለት ነው የሚቆጥሩት። እኔ እንደዚያ አላየውም። እኛ የምንቀርጸው ተዋናይ አይደለም፤ እናት፣ አያት፣ ጎረቤት ነው። የምንለጥፈውም ሰዎቹ በአካል የማያውቋቸው አርባ ሰዎች ፊት ነው። ገመዱ ከደረት እስከ ስልክ ተዘርግቶ ሲታይ ሰውየው ምን ላይ እንዳለ ያውቃል። ሲፈልግ ራሱ ይነቅለዋል። 6 ሜትር ደግሞ ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ርቆ የሚቀርጽ ሰው ማንን እንደሚቀርጽ ራሱን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

የማይወጣቸው ነገሮች አሉ። ነፋስ አይችልም። ያቺ ስፖንጅ ቤት ውስጥ «ጵ» እና «ፐ» ሲባል የሚወጣውን ትንፋሽ ትይዛለች፤ ሜዳ ላይ ግን ምንም አትረዳም። የሞጣው ልጅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጮቄ ላይ እረኞችን ሲቀርጽ የመጀመሪያው ቀን ድምፅ ነፋስ ብቻ ሆነበት። እዚያው አንዱ እረኛ ከለምዱ ጫፍ መዳፍ የምታህል ቆርጦ ሰጠው፤ ጠጉሩን ወደ ውጭ አድርጎ እንደ ቆብ ሰፍቶ አለበሰው። ነፋሱ ጠጉሩ ላይ ይሰበራል፣ ድምፁ ግን ያልፋል። እኔም አሠርቻለሁ፤ የበግ ለምድ ቁራጭ ያለው ሰው ሌላ ነገር መግዛት አያስፈልገውም።

ሦስት ሰው ሲጫወትም ይቸግራል። ቡና እየጠጡ የሚያወሩ ሴቶች ቀርጬ ማይኩን ረከቦቱ ላይ ከጀበናው ጀርባ ደበቅኩት። ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር እንደ መዶሻ መታው። ሁለተኛውን ቀን ከጣሪያው ማገር በሲባጎ አንጠልጥዬ ከራሳቸው በላይ አወረድኩት፤ ከሥዕሉ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ። እንደ አንድ ለአንድ ባይጠራም ይሰማል። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁም አትቅረጹ፤ የመብራቱ ኃይል ድምፅ እንደ ንብ ቀፎ ዝም ብሎ ይጮኻል። ተነቅሎም ከኋላ የሚቀር የፍሪጅና የዝናብ ድምፅ ካለ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይቀነሳል፤ ለዚህ ግን ማንም ሳይናገር አሥር ሰከንድ ያህል የቤቱን ዝምታ መቅረጽ ያስፈልጋል። እኔ አሁን «ሁላችንም ዝም» ብዬ እጀምራለሁ፤ ሰዎቹም ለምደውታል።

ጥሩ ድምፅ ይዞ ሲልኩ ማጣትም አለ። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ስትልኩት ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን የላካችሁትን እንዳለ ያደርሳል፣ ለአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ። የእኛ ግሩፕ ደንብ በፋይል ነው። የሥዕሉ ጥራት 1080 ሆኖ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ላይ ካወጣችሁት በደቂቃ 60 ሜጋባይት ያህል ይመጣል፤ የአምስት ደቂቃ ፊልም 300 ሜጋባይት ነው። ፓኬጅ የሌለው ሰው ድምፁን ሳይነካ ሥዕሉን ወደ 720 ያወርዳል። ኔት ሲጠፋ በፍላሽ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይሄዳል፤ ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ አይተናል፣ አስተያየቱም በወረቀት ተጽፎ ነበር የሚመለሰው። ሁሉንም ወረቀቶች አስቀምጫቸዋለሁ።

በስልክ ፊልም ልጀምር ብሎ ሱቄ የሚመጣ ወጣት መጀመሪያ ስለ ትራይፖድና ስለ መብራት ነው የሚጠይቀኝ። ትራይፖዱን ወንበርና የመጻሕፍት ክምር ይተካዋል፣ መብራቱን መስኮት ይተካዋል። ከሁለት ሜትር ተቀርጾ የጠፋን የሰው ድምፅ የሚተካው ነገር ግን የለም። ለአንድ ዕቃ የሚሆን ብር ካለህ ይህን ግዛ እለዋለሁ። የሚሮጥ፣ የሚጋልብ፣ የሚደባደብ ሰው የምትቀርጽ ከሆነ ግን አትግዛው። በጥር እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ጉግስ ሲጫወቱ ልቀርጽ ብትል ገመዱ ምንም አያደርግልህም።

ቆንጣጩ በዘጠነኛው ወር ተሰብሯል፤ አሁን በመርፌ ቁልፍ ነው የምሰካው፣ ይሠራል። በዚህ ወር ቃሉ «እንግዳ» ነው። ፍኖተ ሰላም ያለችው ልጅ የራሷ ማይክ የላትም፤ አባቷን መቅረጽ ትፈልጋለች፣ ያማቸዋል፣ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነው አለችኝ። ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ላክሁላት። ገመዱን እጄ ላይ ሳላጠብቅ በሰፊው ጠቅልዬ፣ የመርፌ ቁልፉን፣ የለምዷን ቆብና ግማሽ ጥቅልል ፕላስተር ከረጢቷ ውስጥ ከትቼ። ባትሪውን አልላክሁም፤ አያስፈልጋትም። ወረቀት ላይ «መጀመሪያ ከቨሩን አውልቂ፣ ከዚያ በጥፍርሽ ጫሪው» ብዬ ጽፌላታለሁ።